ቀለም ቆጠራ

ዝናብ ከጅሬን ወርዶ ጣሪያውን ሲደልቅ፣
መብራት ሄደ መጣ እያልኩ ስጨነቅ፣
አንጁሎ ጓንቱን አውልቆ «ነገ አይሆንም?» አለኝ፤
«አንዲት ብቻ ቀርታለች፣ እሷን ልጨርስ» አልኩኝ።

አሥራ ሦስት ጠርሙስ አልፏል፦ ከአጂፕ፣ ከኮቺ፣
ከመናኸሪያው በር፣ ከትምህርት ቤት ውጪ።
አሥራ አራተኛዋን ግን አልጻፍኳትም መዝገብ ላይ፤
በላስቲክ የታሰረች፣ የሻምሲያ፣ የአክስቴ ሲሳይ።

ግራፋይት በዘይት ለውሼ፣ እንደ ሊጥ አሽቼ፣
በቀጭን ቱቦ ጫፍ ጠቅጥቄ ሞልቼ፣
ነጭ ወረቀት ላይ መስታወት እስኪመስል
ዞሬ ዞሬ ፈተግሁት፣ ጥቁር ዓይኑን ልስል።
ሦስት ሽቦ ነከርኩ፦ አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል፣
ሦስተኛው እንደ ሽማግሌ ዝም ብሎ ይታዘባል።

ዓይን ይታለላል። ቢጫ ካየ «ሎሚ ነው» ይላል፤
ምላስም ይከተለዋል፣ ስኳሩ ፍሬ ይመስለዋል።
ኤሌክትሪክ ግን አይጎመጅም፣ ጥማት የለበትም፤
ቀለም ኤሌክትሮኗን ካላስረከበች አያምንም።

ጠበቅሁ።
መስመሩ እንደ ቦዬ ውሃ ተኝቶ ቆየና፣
የጉማሬ ጀርባ ብቅ እንደሚል፣ አበጠ ቀና።
አንጁሎ ከኋላዬ፦ «ኧረ! ይቺ የማን ናት?»
አልመለስኩለትም። ሽቦውን ፈታሁና አጠብኩት።

ደግሜ ለካሁ። ደግሜ። ሦስቴም ያው ከፍታ፤
ከሚፈቀደው እጥፍ፣ በእጥፉ ላይ ጠብታ።

በዚህ ቀለም ነው እኮ እኔ ቀለም የቆጠርኩት፤
በዚህ ነው ደብተር የገዛሁት፣ ዩኒፎርም የለበስኩት።
ጠዋት ላስቲክ ሳስር፣ ማታ ሳንቲም ስቆጥር፣
ጣቴን አይቶ መምህሩ «ሂና ነው?» ይል ነበር።
«ሂና ነው» እል ነበር።

በማግስቱ ሄርማታ ሄድኩ፣ ወረቀቴን ጠቅልዬ።
ሻምሲያ ባልዲ ታጥባለች። «መጣሽ?» አለች፣ «እናትዬ።»
ዘረጋሁላት። ጉብታውን በጣቷ ሄደችበት፣
እንደ ጨርቅ ስፌት፣ ከእግሩ እስከ አናት፤
ጣቷ ያለፈበት ሁሉ ብርቱካን ቀረበት።
«ይሄ እኔ ነኝ?» አለች።
«ያንቺ ማንኪያ ነው» አልኳት።

ተቆጣች። ኋላ ሳቀች። ኋላ ደግሞ ዝም።
«መፍቱሃ፣ ያላወቅሽው አለ፤ ለማንም አላወራሁም።
አንድ ሰሞን ፍሬውን ራሱን ጨምቄ አቀረብኩ፣
ዱቄት አልነካሁም፤ ስኳር ብቻ ጠብ አደረግኩ።
ልጆቹ ከበቡኝ። አዩት። ‹ገርጥቷል› አሉና ተዉት፤
‹ይሄ ብርቱካን ታሟል!› ሙሉ ባልዲ እኔው ጠጣሁት።»

ባልዲውን ደፋች፣ ውሃው ቦዩን ይዞ ሄደ፤
ቢጫ ሄደ፣ እየሳሳ፣ ከጭቃው ጋር ተዋሀደ።
ከዚያ ቀና ብላ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፦
«እሺ፣ ስንት ማንኪያ ነው ልኩ? አንቺ ተማሪዋ ንገሪኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁ።
በማይክሮሞላር ነበር እኔ የማውቀው፤
በሻይ ማንኪያ አላውቅም፤ በሻይ ማንኪያ ማን ለካው?
ሁለት ዓመት ሙሉ ስለካ፣ ስቀምር፣ ስጽፍ ስሰርዝ፣
ለባለ ባልዲዋ የሚሆን አንድ ቃል እንኳ አልያዝ።

ማንኪያዋን ተቀብዬ፣ በመሃረብ ጠቅልዬ ወጣሁ፤
አወቱ ድልድይ ላይ ዝናቡ አገኘኝ፣ እየሮጥኩ መጣሁ።

አንጁሎ ሚዛኑን ጠረገ። ምንም አልጠየቀ።
ዱቄቱን አንዴ ሞልተን፣ አንዴ ላጭተን፣ አንዴ በጫፏ እየተነጠቀ
ስንመዝን መሸ። መብራቱም ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፤
በሞባይል ብርሃን ቁጥሩን አነበብን፣ እሱ ጠራ፣ እኔ ጻፍኩ።

መዝገቡን ገለጥኩ። አሥራ አራት። ከፊቱ ባዶ ቦታ አለ።
ስሟን አልጻፍኩም። «አንዲት የሻይ ማንኪያ» አልኩ፣
«ጫፏ በግራ የጎበጠ፤
ግማሿ ለሃያ ሊትር። ከዚያ በላይ አይሆንም።»